ሳይደርቅ የቀረው መስመር

በሬዎቹ ከቁልቁለቱ አፋፍ ሲደርሱ አባቴ እጁን አነሳ፤ ሠረገላው እየተንገጫገጨ ቆመ። ስምንት በሬዎች ነበሩ፣ አራት የገመድ ሰዎች፣ መንኮራኩሩ ሥር ሽብልቅ እየወረወሩ የሚከተሉ ሁለት ሰዎች፣ በመሐል ደግሞ በገለባና በሸራ የተጠቀለለች አንዲት የእብነ በረድ ሴት። ጎህ ገና መቅደዱ ነበር። ከታች ከተማው አልነቃም። ከወንዙ ወዲህ መናፈሻው ይታያል፤ ወንዙ ላይ የድልድዩ ሁለት ጉቶዎች ቆመዋል፣ መሐላቸው ግን ባዶ ነው።

ሌላ ጠራቢ ቢሆን በዚህ ሰዓት በሬዎቹን ያይ ነበር። አባቴ የሚያየው እኔን ነው። ጆሮዬን ወደ ሠረገላው አዘንብዬ አዳመጥኩ፤ ገመዱ ሲጠብቅ፣ የመንኮራኩሩ ብረት ጠጠር ሲፈጭ፣ ሸራው ሲተሻሽ። ከዚያ ጣቴን በጣቴ ላይ አንድ ጊዜ መታሁ። አንድ ጊዜ ማለት ደህና ነው፣ ሁለት ጊዜ ማለት አደጋ አለ። አባቴ እጁን አወረደና ቁልቁለቱን ጀመርን።

ይህን ምልክት ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አባቴ መስማት ካቆመ ስድስት ዓመቱ ነው። ባንድ ጀምበር አይደለም የሆነው። አርባ ዓመት ሙሉ ብረትና ድንጋይ ሲያጋጭ የኖረ ሰው ጆሮው እንደ ቢላዋ ስለት ቀስ በቀስ ያልቃል። መጀመሪያ ወፎቹ ጠፉበት፣ ቀጥሎ የሴቶች ድምፅ፣ ቀጥሎ የወንዶች፣ በመጨረሻ የገዛ መዶሻው። ሰው ግን አላወቀበትም። ሲጠሩት አለመመለሱን ኩራት አደረጉለት፤ «አለቃ ሦስት ጊዜ ካልተለመነ ዞር አይልም» እያሉ ይበልጥ አከበሩት። ሌላ ሰው ሲያነጋግረው እኔ ከሰውየው ጎን ቆሜ የተባለውን ድምፅ ሳላወጣ በከንፈሬ እደግምለታለሁ። በዚህ የተነሣ «የአለቃ ልጅ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ታወራለች» የሚል ስም ወጣልኝ። ይበሉ። ከዚህ የባሰም ተብዬ አውቃለሁ።

የደበቅነው ለኩራት ብለን አልነበረም። በእኛ ሙያ ድንጋይ የሚመረጠው በጆሮ ነው። ጤነኛ እብነ በረድ በመዶሻ ሲነካ ይዘምራል፤ ሆዱ ውስጥ ስንጥቅ ያለበት ግን ዲዳ ነው፣ ድምፁ ወጥቶ ሳያልቅ ይሞታል። ጆሮው ያጠራጠረው ሰው ድንጋዩን ውሃ ያለብስና ፀሐይ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ጤነኛው ድንጋይ እኩል ይደርቃል፣ የተሰነጠቀው ግን ውሃ ይጠጣል፤ ሌላው ሁሉ ነጭ ሆኖ ሲያበቃ ስንጥቁ ባለበት ላይ አንድ ጥቁር መስመር ሳይደርቅ ይቀራል። ይህን ያስተማረኝ አባቴ ነው። መስማት ያቃተው ጠራቢ ግን ትልቅ ድንጋይ አይሰጠውም፤ የመቃብር ጽሑፍ እየጫረ ይጦራል። አባቴን ደግሞ ያለ ትልቅ ድንጋይ በሕይወት አላስበውም ነበር።

የዚህች ሴት ነገር የመጣው ከድልድዩ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በገበያ ቀን፣ ድልድዩ ከነሰዉ ወንዝ ገባ። ሠላሳ አንድ ሰው ሞተ። አንዱ ባሌ ነው፤ ጋሪ ነጂ ነበር። ጋሪውን በዚያው ቀን አገኙት፣ በቅሎዋን በማግስቱ፣ እሱን በአራተኛው ቀን። ገዥው ለሟቾቹ መታሰቢያ በመናፈሻው ውስጥ የእብነ በረድ ምንጭ ይቁም ብለው አዘዙ። እንስራ በትከሻዋ ያዘነበለች ሴት ትቆማለች፣ ውሃው ከእንስራዋ እየፈሰሰ ክብ ገንዳ ውስጥ ይወርዳል፣ በገንዳው ጠርዝ ዙሪያ የሠላሳ አንዱ ስም ይቀረጻል። በምረቃው ቀን እያንዳንዱ ቤተሰብ በሟቹ ስም ላይ ይቀመጣል። የባሌ ስም ከፊት ለፊት፣ በቀጥታ ከእንስራው ሥር እንዲሆን አባቴን የለመንኩት እኔ ነኝ።

ከገመዱ ሰዎች ኋለኛው ዝምተኛው ይባላል። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ ያለ አይመስለኝም። ያኔ የድልድዩ ግንበኛ ነበር፤ ምሰሶው መሰንጠቁን ከማንም ቀድሞ አይቶ ዝም አለ ተባለ። ሲጠየቅ አላመነም፣ አልካደም፤ አፉን ዘግቶ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ከሱ ጋር ማዕድ የሚቀርብ ሰው የለም። እኔማ በመንገድ ሲያልፍ ምራቄን እተፋ ነበር። «በጭንቅህ ቀን የሚናገርልህ አትጣ አልልህም፣ እጣ» ብዬ ፊት ለፊት ረግሜዋለሁ፤ ከእርግማኔም አንዲት ቃል አልመለስኩም። አባቴ ለዚህ ጉዞ ሲቀጥረው ሦስት ቀን ተኳረፍን። ገመድ እንደሱ የሚያውቅ የለም፣ ድንጋይ ደግሞ የያዘውን እጅ ታሪክ አይጠይቅም ብሎ ዘጋኝ።

ከቁልቁለቱ ወገብ ላይ ስንደርስ የግራው መንኮራኩር ከድንጋይ ላይ ተንሸራቶ ቦይ ውስጥ ወደቀ። ሠረገላው ዘንበል አለ፣ ገመዶቹ ጮኹ፣ ሽብልቅ ያዦቹ ተሯሯጡ። በዚያ ሁሉ ጫጫታ ውስጥ ከሸራው ሥር አንዲት ትንሽ ድምፅ ሰማሁ። ጥፍር ሲቆረጥ የሚሰማው ዓይነት። አንድ ጊዜ ብቻ።

አባቴ አየኝ። አፌ ደርቆ ነበር። ጣቴን በጣቴ ላይ አንድ ጊዜ መታሁ።

ዞር ስል ዝምተኛው ገመዱን በትከሻው እንደተሸከመ አፍጥጦ ያየኛል። ግንበኛ ነው፣ ጆሮ አለው። እሱም ሰምቷል። እንደ ልማዴ ምራቄን ልተፋ አልኩና ምራቅ አጣሁ።

ድንጋዩን የመረጥንበትን ቀን እዚህ ላይ ካልተናገርኩ ነገሬ ግልጽ አይሆንም። ድንጋይ ከሚፈለጥበት ገደል ስንደርስ ዝናብ ጀምሮ ነበር፤ ሦስት ቀን አላባራም። ዓለም ሁሉ ርሶ የትኛው ድንጋይ መጨረሻ እንደሚደርቅ ማን ያያል። የቀረን ጆሮዬ ብቻ ነው። አባቴ ወተት የመሰለውን ትልቁን ድንጋይ ሲያይ እንደ ሙሽራ ሳቀ፤ ያን ሳቅ እናቴ ከሞተች ጀምሮ አላየሁትም ነበር። ላይኛውን ጫፍ መታው፣ ዘመረ። ወገቡን መታው፣ ዘመረ። በግራ በኩል ወደ ታች ሲመታው ድምፁ ወጣ፣ ግን መጨረሻው ላይ እንደሚያነክስ ሰው ሆነ።

«እንዴት ነው ድምፁ?» አለኝ። ዝናቡ ከቅንድቡ ላይ ይንጠባጠባል፣ ሳቁ ግን ፊቱ ላይ ነው።

«ይዘምራል» አልኩት።

ዝናቡ ነው ድምፁን የሸፈነው ብዬ ለራሴ ነገርኩ። ሰው ለራሱ የሚነግረው ውሸት ምስክር አያስፈልገውም። ዓመት ከመንፈቅ ቆይቶ ሥራው ሲያልቅ ፊቷን ማለስለስ የኔ ድርሻ ሆነ፣ ጣቴ ቀጭን ስለሆነ። በእርጥብ አሸዋ ሳሽ ከግራ ዓይኗ ጥግ ተነሥቶ በጉንጯ፣ በአንገቷ፣ በደረቷ እያለ ወደ ዳሌዋ የሚወርድ ፀጉር የሚያህል መስመር አየሁ። አባቴ ጓሮ መሮውን ይስል ነበር። ሰም አቅልጬ ከእብነ በረድ ዱቄት ጋር ለውሼ ቀባሁት፣ በጨርቅ ወለወልኩት፣ ጠፋ። አባቴ ሲገባ ፊቷን ዳበሰና እጅሽ ከኔ ይበልጣል አለኝ። 

መናፈሻው ስንደርስ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ስሞቹ የተቀረጹበት ገንዳና መቆሚያዋ ቀድመው ተተክለዋል። ሰዎች ለነገው ምረቃ አግዳሚ ወንበር ይደረድራሉ፣ ዛፎቹ ሥር ይጠርጋሉ። ዝምተኛው ሦስት ግንዶች አቁሞ ጫፋቸውን አሰረ፣ መዘውሩን ሰቀለ፣ ገመዱን በሴትዮዋ ብብትና ወገብ አዙሮ እንደ ሕፃን አንሥቶ ከመቆሚያዋ ላይ አሳረፋት። አንድ ጣት እንኳ አልተሳሳተም። ሸራው ሲወልቅ ጠራጊዎቹ ሳይቀሩ መጥረጊያቸውን ጣሉ። አባቴ ሠርቷት የማያውቅ ያህል ቆሞ አያት። እውነትም ታምር ነበር፤ አንገቷን ትንሽ ሰበር አድርጋ ውሃው የሚወድቅበትን ታያለች፣ ከውሃው ውስጥ ሰው ይወጣል ብላ የምትጠብቅ ይመስል።

እኩለ ቀን ላይ ቧንቧ ሠሪው ለሙከራ ውሃውን በግማሽ ለቀቀ። ቧንቧው የሚደርሰው እስከ እግሯ ነው፤ ከዚያ በላይ ውሃው በአካሏ ውስጥ በተበሳው ቀዳዳ ራሱ እየወጣ ከእንስራው ይፈሳል። እንደ ሰው ሳለ፣ አንገራገረ፣ ከዚያ ወረደ። ሠራተኛው ሁሉ አጨበጨበ። ውሃው ከእንስራው እየተረጨ ራሷን፣ ትከሻዋን፣ ልብሷን አራሰ። ቧንቧ ሠሪው ሪዙን እየጠመዘዘ ይበቃታል ብሎ ዘጋው። ነገ ገዥው ሲመጡ በሙሉ ኃይሉ ይለቀቃል።

እኔ ከዛፍ ሥር ተቀምጬ መድረቋን ጠበቅኩ። ሌላው ምሳውን ይበላል፣ እኔ ዓይኔን አልነቀልኩም። መጀመሪያ እንስራው ነጣ። ቀጥሎ ግንባሯ፣ ትከሻዋ፣ የልብሷ እጥፋት። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆነች፣ ከአንድ ነገር በቀር። ከግራ ዓይኗ ጥግ ተነሥቶ በጉንጯ፣ በአንገቷ፣ በደረቷ ወርዶ ዳሌዋ ላይ የሚጠፋ ጥቁር እርጥብ መስመር። ሰሜ ከውጭ ብቻ ነበር የደፈነው፤ ውሃው ከውስጥ ገፍቶ አስለቀቀው። በሠረገላው መንገጫገጭም ሰፍቷል። ግማሽ አካሏ ከነእንስራው በዚያ መስመር ላይ ነው የቆመው።

መጀመሪያ ያየችው ከጠራጊዎቹ አንዷ ናት። መጥረጊያዋን ጥላ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ታለቅሳለች» አለች።

ወሬ እግር አያስፈልገውም። ሰዓት ሳይሞላ መናፈሻው ጥቁር በለበሱ ሴቶች ሞላ፤ የሟቾቹ እናቶች፣ ሚስቶች፣ እህቶች። ከፊት የመጡት አማቴ ነበሩ። ባሌ ከሞተ ወዲህ በአንድ ቤት ነው የምንኖረው፤ ያላቸው ልጅ እሱ ብቻ ነበር፣ አሁን ያለችኝ እሷ ናት ይላሉ ስለኔ። ገንዳው ውስጥ ገቡ፣ ጫማቸው ራሰ፣ መዳፋቸውን በመስመሩ ላይ ጫኑና እርጥበቱን ፊታቸው ላይ አሹት። ሌሎቹም ተከተሉ። ከሦስት ዓመት ወዲህ እነዚያን ሴቶች እንዲህ ሆነው አላየኋቸውም፤ አንዳንዶቹ እያለቀሱ ይስቁ ነበር። አባቴ ከሩቅ ቆሞ ያያል። ሰው ሁሉ ለምን እንደሚሯሯጥ በዓይኑ ጠየቀኝ። ፊቴን አዞርኩበት። በስድስት ዓመት ውስጥ ፊቴን ሳዞርበት የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዚያ ሻለቃው መጡ። የከተማው ሥራ ሁሉ በእሳቸው እጅ ነው፤ ድልድዩ ሲሠራ የመቶ አለቃ ነበሩ፣ ከድልድዩ በኋላ ሻለቃ ሆኑ፤ እንዴት እንደሆነ አትጠይቁኝ። የልብሳቸው ቁልፍ የሚያብለጨልጭ፣ ጓንታቸውን በግራ እጃቸው የሚይዙ፣ ድምፃቸው ለስላሳ ሰው ናቸው። ሴቶቹን አዩ፣ መስመሩን አዩ፣ ፈገግ አሉ። ይህን ገዥው ሲሰሙ ደስታቸው ወደር አይኖረውም አሉ። ነገ መበለቶቹ በየስማቸው ላይ ከተቀመጡ በኋላ ውሃው ይለቀቅ፣ እንባዋ በፊታቸው ይውረድ ብለው አዘዙ።

ሠላሳ አንድ ቤተሰብ ከሥሯ ተቀምጦ ውሃው በሙሉ ኃይሉ ሊለቀቅ ነው። ፊት ለፊት፣ ከእንስራው ሥር፣ አማቴ።

ሻለቃውን ለብቻቸው ልናገራቸው እፈልጋለሁ አልኳቸው። መሣሪያ ከሚቀመጥበት ጎጆ ጥግ ቆምን፤ አባቴ ተከትሎን መጣ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ብናገር አባቴ ምንም አያውቅም ነበር። ከንፈሬን እንዲያይ ወደሱ ዞርኩ።

«ሻለቃ፣ ያ እንባ አይደለም። ስንጥቅ ነው። ውሃው በኃይል ሲመጣ ከወገቧ በላይ ይወድቃል።»

 ድንጋዩን የመረጠው ማነው አሉ።

«እኔ ነኝ። ድምፁ አንክሶ ነበር፣ ሰምቼ ዋሸሁ። በኋላም መስመሩን አይቼ በሰም ደፈንኩት። አባቴ አያውቅም። አባቴ ከስድስት ዓመት ጀምሮ አይሰማም።»

አባቴ ከከንፈሬ ላይ ዓይኑን ሳይነቅል አዳመጠ፤ አዳመጠ ማለት ከተቻለ። ከዚያ ሁለት እጆቹን አየ፤ አገላብጦ አየ፣ የሰው እጅ እንደሚያይ። ምነው በጮኸብኝ፣ ምነው በመታኝ።

ሻለቃው ሞኝ አይደሉም። ወደ ምንጩ ተመልሰው ሄዱ፣ ሰው ሳያይ ጣታቸውን በመስመሩ ላይ አሳለፉ፣ የጣታቸውን ጫፍ በመሐረብ ጠረጉ። ሲመለሱ ፊታቸው ያው ለስላሳ ነበር። እንዳመኑኝ ግን ከዓይናቸው አየሁ፤ ያስፈራኝም እሱ ነው።

«በዓሉ ይለፍና እናየዋለን» አሉ። «ክቡር ገዥ ነገ ጠዋት ይመጣሉ፣ እንግዶች ተጠርተዋል። ከነገ ወዲያ ሰው አምጥቼ አሳያለሁ። አሁን ቤታችሁ ግቡ። የአለቃን ጆሮ ነገር ደግሞ አንቺ አልነገርሽኝም፣ እኔም አልሰማሁም። ይኸው ነው።»

እውነቱን ልናገር፣ ቀለለኝ። ተናግሬያለሁ። ሸክሙ ከኔ ጫንቃ ወርዶ የወርቅ ክር ባለው የሻለቃው ትከሻ ላይ ተቀምጧል። የአባቴም ስም ተርፏል። ነገ አማቴን አሞኛል ብዬ ቤት አስቀራቸዋለሁ ብዬ አሰብኩ፤ ስለ ሌሎቹ ሠላሳ ቤተሰቦች ያሰብኩት ነገር አልነበረም፣ ይህንም አልደብቅም። የአባቴን ክንድ ይዤ ወደ በሩ መራሁት።

ዝምተኛው በሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጦ ገመድ ይጠቀልል ነበር። ስንደርስ ቀና አለ።

«የአለቃ ልጅ፣ ነገርሻቸው?» አለኝ። ድምፁን ከሰማሁ ሦስት ዓመቴ ነው። አዎ አልኩት፤ ለምን እንደመለስኩለት አላውቅም።

«ምን አሉሽ?»

«በዓሉ ይለፍና እናየዋለን አሉ።»

ገመዱ ከእጁ ወደቀ። ሊስቅ መሰለኝ፣ አልሳቀም።

«ለኔ ‹ገበያው ይለፍና› ነበር ያሉኝ» አለ።

ከወዲያ ሴቶቹ ይዘምራሉ፤ የሚዘምሩት ለስንጥቅ ነው። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

«ሰው ሁሉ ዝም አለ ይለኛል። መናገር ያቃተኝ ይመስልሻል? ተናግሬያለሁ። ያኔ የመቶ አለቃ ሳሉ ሄጄ፣ ቆብ አውልቄ፣ እጅ ነሥቼ፣ ምሰሶው ተሰንጥቋል አልኳቸው። ገበያው ይለፍና እናየዋለን አሉኝ። ቀለለኝ። ቤቴ ገባሁ፣ እራቴን በላሁ፣ ተኛሁ።» ገመዱን አንሥቶ እንደገና መጠቅለል ጀመረ። «በኋላ ነግሬ ነበር ብል ምን ይጠቅማል። ሬሳው ሲወጣ ‹ነግሬ ነበር› የሚል ሰው ከመሆን ዝም ያለ ሰው መባል ይሻለኛል ብዬ ነው። ኃጢአቴ ዝምታ አይደለም። ኃጢአቴ ተናግሬ ቤቴ መግባቴ ነው።»

በሩ ከፊቴ ተከፍቶ ነበር። ከወዲያው በኩል መንገዱ፣ ከመንገዱ ጫፍ ቤቴ፣ በቤቴ ውስጥ አልጋዬ። ሦስት ዓመት የረገምኩት ሰው ከእግሬ ሥር ተቀምጧል፤ እኔ ደግሞ እሱ በሄደበት መንገድ ልሄድ አንድ እግሬን አንሥቻለሁ።

ወደ አባቴ ዞርኩና ዝምተኛው ያለውን ሁሉ በከንፈሬ ደገምኩለት። ሳልቀንስ፣ ሳልጨምር። አባቴ ዝምተኛውን ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ክንዱን ከእጄ አላቀቀና ወደ መሣሪያው ጎጆ ሄደ። ትልቁን መዶሻና የብረት ሽብልቅ ይዞ ሲወጣ ዝምተኛው ገመዱን ትከሻው ላይ ጥሎ ተነሥቶ ነበር።

ሻለቃው ታምሩን ለገዥው ሊያበሥሩ ሄደዋል። ጀምበር ወደ ዛፎቹ አዘቅዝቃለች። ሴቶቹ እየተበተኑ ነበር፤ አማቴ ግን በልጃቸው ስም ላይ ተቀምጠው፣ አናታቸውን ወደ እብነ በረዷ እግር አዘንብለው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ተንበርክኬ እጃቸውን ያዝኩ።

«እማማ፣ ይነሡ። ይህ እንባ አይደለም። ድንጋዩ ተሰንጥቋል፣ እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ ያገኘሁት ድካም ነው።

«ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ሹም እንኳ ደጃችን መጥቶ አላለቀሰልንም» አሉ። «ድንጋይ አለቀሰልን ብዬ ደስ ቢለኝ፣ እሱንም ከእጄ ልትወስጂ መጣሽ?»

 አባቴ ከኋላዬ ቆሞ መዶሻውን በሁለት እጁ እንደያዘ ፊቱ በእንባ ርሷል፤ ወንድ ልጅ ሲያለቅስ ድምፁን ካልሰማ እንደማያፍር ያን ዕለት አወቅኩ። አማቴ አዩት። ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ፣ እኔን ሳይነኩ፣ እኔን ሳያዩ፣ የቀሩትን ሴቶች እንደ ጫጩት ከፊታቸው አስቀድመው እስከ ዛፎቹ ድረስ ይዘዋቸው ሄዱ። ይቅር አላሉኝም። ግን ሄዱ።

ዝምተኛው ገመዱን በአንገቷና በእንስራው ላይ አዙሮ ጫፉን ከዛፍ ጋር አሰረ። ካሰረ በኋላ በሩን የሚጠብቁ ሁለት ዘበኞችን በወሬ ሊያዘናጋ ወደዚያ ሄደ፤ ዝምተኛው ወሬ ሲያወራ ማየት ለዘበኞቹም ታምር ሳይሆንባቸው አልቀረም። አባቴ ከመቆሚያዋ ላይ ወጥቶ መስመሩን በአውራ ጣቱ ከዳሌዋ እስከ ጉንጯ ተከተለው። ዓይኗ ጋ ሲደርስ ጣቱ ጥቂት ቆየ። ሽብልቁን ወገቧ ላይ፣ መስመሩ ሰፋ ካለበት ተከለና መዶሻውን ለኔ ዘረጋልኝ።

«አንቺ ምቺ። እኔ እይዛለሁ» አለ።

በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር መትቼ አላውቅም። ክንዴ እስኪነቀል አነሣሁ። የመጀመሪያው ምት ተንሸራተተ፣ አባቴ እጁን አላነሳም። ሁለተኛው ገባ። ሦስተኛውን ስመታ ከውስጧ ያቺ የጥፍር ድምፅ መጣች፣ አሁን ግን አላቆመችም። አባቴን በክንዱ ጎትቼ ወደ ኋላ ወደቅን። ገመዱ ለአንዲት ትንፋሽ ያህል ያዛትና ተበጠሰ። ራሷና ትከሻዋ ከነእንስራው ዞሮ ወደ ፊት ወረደ፤ ዝምተኛው ቢያስርም ወዴት መውደቅ እንደሚፈልግ ድንጋዩ ራሱ ያውቅ ነበር። የገንዳውን ጠርዝ መታው። አቧራው ሲረግፍ የባሌ ስም አልነበረም። አማቴ ተቀምጠውበት የነበረው ቦታ ላይ በሬ የሚያህል ነጭ ድንጋይ ተጋድሟል።

 ከዛፎቹ ሥር አማቴ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ወደዚያ ድንጋይ ያያሉ።

አባቴ ከመሬት ተነሥቶ በተረፈው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። አጠገቡ ተቀመጥኩና ፊቴን ወደሱ አዞርኩ። አቧራውን ከፀጉሬ ላይ አራገፈልኝ።

«እንዴት ነበር ድምፁ?» አለኝ።

«ዲዳ ነበር፣ አባዬ። ከመጀመሪያውም ዲዳ ነበር።»

ራሱን ነቀነቀ። አንድ ባለሙያ ሌላውን ባለሙያ ሰምቶ እንደሚያምን። ወዲያው ከበሩ በኩል ፉጨት ተነፋ፣ ጠጠሩ ላይ ብዙ ጫማ መሮጥ ጀመረ፤ ከሁሉ በላይ የሻለቃው ድምፅ ይሰማል፣ ለስላሳነቱ ጠፍቶ። አባቴ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ነው የተቀመጠው፣ ምንም አላወቀም። እንደ ልማዱ ግን ፊቴን አየና ጠበቀ።

ጣቴን በጣቴ ላይ ሁለት ጊዜ መታሁ።